ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ማር

ቦንጋ፣ መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቶ ዳኛቸው
ሎንዶን

ይህን ያህል ባሕርና የብስ ቢለየንም የአንድ ቤት ልጆች ነንና፣ አንተም ባለቤትህ መቅዲም ልጃችሁ ሚካልም አዲሱን ዓመት በጤና እንደ ገባችሁ አምናለሁ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ከእሱ በቀር የምንከሰው የለም።

ማን እንደ ሆንኩ ታስታውስ ይሆን? የእኔ እናትና የአንተ አያት የእህትማማች ልጆች ናቸው። አንተ ከአገር ከመውጣትህ በፊት ጅማ በነበረው ሰርግ ላይ የሙሽራው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አብረን ገፍተናል። አንተ ከኋላ ነበርክ፤ ጭቃው ሁሉ ያረፈው አንተ ላይ ነው። እኔ ከጎን የነበርኩት እንግዳወርቅ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ እናትህን አዲስ አበባ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። ስለ አንተ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ ሎንዶን ኮምፒውተር ነው የሚያነሣው» አሉኝ። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ «ኢንጂነር ነው» ብለው አጸኑት። እኔም የሚያስፈልገኝ ሰው ይህ ነው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሮማንወርቅ የንብ አናቢዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ናት። አባላቱ አርባ አንድ ሴቶችና ዘጠኝ ወንዶች ናቸው፤ ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ። አቡ ሳሊም የሚባል የጅዳ ነጋዴ ማራችንን ቀምሶ ወደደውና ሁለት ሺህ ጠርሙስ አዘዘ። ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ረመዳን ሳይገባ እንዲደርስለት፣ ጠርሙሱም ላይ በዐረብኛ «ንጹሕ ማር» ተብሎ እንዲጻፍ። በስብሰባው ላይ «ዐረብኛውን ማን ይይዘዋል?» ሲባል ማንም እጁን አላወጣም። እኔ በወጣትነቴ ሰንዓ አምስት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁና እጄን አወጣሁ። ተጨበጨበ።

ነጋዴው ጽሑፉን በፍላሽ አድርጎ ልኮልናል። ችግሩ የማኅበሩ ኮምፒውተር ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ የውጭ ድርጅት ሲሄድ ትቶልን የሄደ ነው፤ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አማርኛ በመከራ ይጽፋል። ዐረብኛውን ሲሰጡት ግን ስድስት ትናንሽ ሣጥኖች ደርድሮ ዝም ይላል። ሮማንወርቅ አይታ፣ «ዐረብኛ ይህ ከሆነማ እኔም እጽፈዋለሁ» አለችኝ።

እንደ ሙያህ ምን ትመክረኛለህ? በስልክ ያልጠየቅኩህ የቀኝ ጆሮዬ ከናፍጣው ሞተር ጋር ሰንዓ ስለ ቀረ ነው። የግራው የሚሰማው ሮማንወርቅን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ደብዳቤ ለከበደ ጉዳይ ይሻላል።

በእጅህ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ።
እንግዳወርቅ

*

ሎንዶን፣ ቶተንሃም፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
(እዚህ ኦክቶበር 20 ነው ይላሉ)

ለተከበሩት ለጋሼ እንግዳወርቅ

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ፣ ከልቤ ከፍ አድርጌ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለእትዬ ሮማንወርቅም እንዲሁ። ደብዳቤዎ ሲደርስ መቅዲ የካውንስል፣ ማለት የዚህ አገር ቀበሌ፣ ማስጠንቀቂያ መስሏት ሁለት ቀን ሳይከፈት ፍሪጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጅ ጽሑፍ መሆኑን ያየችው በሦስተኛው ቀን ነው። እንዴት ደስ እንዳለን! ጭቃውን አልረሳሁትም። ሱሪውን የተዋስኩት ነበር።

ስለ ሥራዬ እናቴ የነገረችዎ እናት ስለ ልጇ የምትናገረውን ያህል ነው። ብቻ በቀን ሁለት መቶም ሦስት መቶም ኮምፒውተር በእጄ ያልፋል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

የእርስዎ ኮምፒውተር ችግሩ ዕድሜ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችን ከተሰበሰቡት አንድ ላፕቶፕ መርጫለሁ። እሱም ወጣት አይደለም፣ ከሚካል በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ግን የድሮ ባለቤቱ ዐረብኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ጭኖበታል። ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ይበራል። በየጊዜው አዲስ አበባ የሚመላለስ ኤርምያስ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አለ፤ እሱ ያደርስልዎታል። ፍላሹን ይሰኩበትና ዐረብኛው ቁጭ ብሎ ያገኙታል።

እርስዎ ቋንቋውን ስለሚያውቁት ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው።

ለእኔ ምንም አልፈልግም። ብቻ እናቴን ደግመው ቢያገኟት፣ ስለ ሥራዬ ሌላ ምን እንዳለች ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ታናሽዎ
ዳኛቸው

*

ቦንጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢንጂነር ዳኛቸው

ላፕቶፑ ደርሷል፤ አንተንም ያመጣውንም ሰው ዕድሜ ይስጣችሁ። ክብደቱ ያስደንቃል። ሮማንወርቅ አንሥታው «ይህስ ቢወድቅ ወለሉን እንጂ ራሱን አይሰብርም» ብላለች።

ፍላሹን ሰካሁ፤ ዐረብኛው ወጣ! ሣጥን የለም። ስድስት ፊደሎች ተደርድረው ቆመዋል። ሮማንወርቅ ስድስት ሴቶች አስከትላ መጥታ፣ «እስቲ አንብብልን» አለችኝ። «ንጹሕ ማር» ብዬ አነበብኩላቸው። «ማር የሚለው የትኛው ነው?» አለች። ረዘም ያለውን አሳየኋት።

አሁን ለሙያህ የምተወው አንድ ነገር አለ። ፊደሎቹ ለየብቻ ነው የቆሙት፤ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች አንዱ ከአንዱ አይነካካም። እኔ ሰንዓ ሳለሁ በየሱቁ በር ላይ የማየው ዐረብኛ ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሄድ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታልና ምናልባት ዐረቦቹ ራሳቸው ለውጠውት ይሆን? የጽሑፍ ሥርዓት በየጊዜው ይሻሻላል። እኔ ከቋንቋው በኩል ሳየው ችግር የለበትም ማለት እችላለሁ፤ ከኮምፒውተሩ በኩል ግን አንተ እንድታይልኝ በወረቀት አትሜ አብሬ ልኬዋለሁ።

እናትህን አላገኘኋቸውም።

እንግዳወርቅ

*

ሎንዶን፣ ቶተንሃም፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ እንግዳወርቅ

ጤናዎ እንደ ማርዎ ይጣፍጥ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ጋ የማታ አራት ሰዓት የሚመስል ጨለማ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ ከዚህ ሌላ ደኅና ነን። መቅዲ አርችዌይ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ሁለት ባስ ቀይራ ነው የምትሄደው።

ወረቀትዎን አጠናሁት። በነገሩ ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተመካክሬያለሁ። ዑስማን ይባላል፤ የሱዳን ሰው ነው፤ እዚህ ሰፈራችን ይሠራል። በወጣትነቱ ካርቱም ውስጥ በኮምፒውተር የሚጻፍበት ሱቅ ነበረው። እንዳየው ሣቀና፣ «እነዚህን የድሮ ማሽኖች አውቃቸዋለሁ» አለ።

ችግሩ ይህ ነው፦ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ፊደሎቹም እንደ ቦታቸው መልክ እየቀየሩ ይያያዛሉ። ለድሮ ኮምፒውተር ይህን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ልክ እንደ እንግሊዝኛ ከግራ ጀምሮ ለየብቻ ያቆማቸዋል። ዑስማንና ጓደኞቹ ያንጊዜ የሚያደርጉት ማሽኑን ማታለል ነበር፤ ቃሉን ከመጨረሻው ፊደል ጀምረው ወደ ኋላ ይጽፉታል፣ ለእያንዳንዱ ፊደልም የሚያያይዘውን መልክ ከፕሮግራሙ ሰንጠረዥ እየመረጡ ያስገባሉ። በስክሪኑ ላይ ሲታይ ትክክል ይሆናል።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዑስማን በእጁ የጻፈውን «ንጹሕ ማር» አስገብቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ከዚህ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ይሥሩ። ለእርስዎ ለሚያውቁት ይህን መላኬ ድፍረት እንዳይሆንብኝ፤ ለማሽኑ ብዬ ነው።

ዳኛቸው

*

ቦንጋ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢንጂነር ዳኛቸው

ዛሬ የምጽፍልህ ሰው ደስ ያለው ሰው ነው!

ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ከኋላ ወደ ፊት መጻፍ መኪናን በኋላ ማርሽ ገደል ዳር እንደ መንዳት ነው፤ ያም ሆኖ ሹፌር ነበርኩና ለመድኩት። በዐሥራ አንደኛው ቀን የዑስማንን ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጥፌ አስተያየሁት። አንድ ነው! ፊደሎቹ ታርቀው ተያይዘዋል። እዚያው ፍላሽ ላይ፣ በድሮው ቦታ ጽፌ አስቀመጥኩት።

ጅማ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። እዚያ ያለው ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ እንደ መስኮት ሰፊ ነው። ሠራተኛው ፍላሹን ሰክቶ ትንሽ ነካካና ናሙናውን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ልክ ነው?» አለኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ ረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ፊደሎቹ ተያይዘዋል። «ግሩም ዐረብኛ ነው» አልኩ። ከሁለት ሺህ ጥቂት ተርፎ ታተመ። ሮማንወርቅና ሴቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሲለጥፉ ሰነበቱ። በየካቲት መጀመሪያ ከቦንጋ ይነሣል።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር መጥቷል። ሰዉ ዐረብኛ ያለበትን ሁሉ ወደ እኔ ያመጣል። የጎረቤታችን ልጅ ከሪያድ የመድኃኒት ወረቀት ልካ እናቷ «አንብብልኝ» አለችኝ። መነጽሬን አላገኘሁትም። ሮማንወርቅ አገኘችው። ጽሑፉ ደቃቅ ሆነብኝ። ሮማንወርቅ አጉሊ መነጽር አመጣች። በመድኃኒት አይቀለድም፣ ፋርማሲ ውሰዱት ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ጓሮውን አዘወትራለሁ።

በኤርምያስ እጅ አንድ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ። ያ ዑስማን የሚባለው ባልደረባህም ይቅመስ።

እንግዳወርቅ

*

ሎንዶን፣ ቶተንሃም፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ እንግዳወርቅ ሆይ

ሰላምታውን አሳጠርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው ኤርምያስ ነገ ስለሚበር ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «ሃሎ! ሃሎ! ማን ነው? ማር አለቀ!» ብለው ዘጉት።

ጠርሙሱ ቅዳሜ ደረሰኝ። ወዲያው ይዤው ወደ ዑስማን ሮጥኩ። ባልደረባዬ ያልኩዎ ዑስማን ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። ጠርሙሱን ሰጠሁት። አየው። መቀሱን አስቀመጠ።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለኝ።

«የእኛ ሰው ነው፤ ዐረብኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ» አልኩት።

«ማር ‹ዐሰል› ነው» አለ። «ይህ ግን ተገልብጧል። ‹ለስዕ› ነው የሚለው።»

«‹ለስዕ› ምንድን ነው?»

«ንድፊያ። ንብ ስትነድፍህ ያ ነው።» ቀጠለና ከታች ያለውን አነበበ። «‹ነቂ›፣ ማለት ንጹሕ፣ እሱም ተገልብጦ ‹የቀን› ሆኗል። እርግጠኛ መሆን ማለት ነው። እንግዲህ ጠርሙሱ ‹ንድፊያ፣ የተረጋገጠ› ይላል።»

ግማሽ ጢም ያለው ሰውዬ፣ «ቢያንስ ደንበኛውን አላታለለም» አለ። ከዚያ ዑስማን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሣቁ እስኪወጣለት ድረስ ሰውዬው በግማሽ ጢሙ ጠበቀ።

ምክንያቱን ነገረኝ። የጅማው ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር አዲስ ስለሆነ ዐረብኛ ከቀኝ እንደሚጀምር ያውቃል፤ ራሱ ያያይዛል። እርስዎ ለአሮጌው ብለው የገለበጡትን እሱ መልሶ ገለበጠው። ነጋዴው መጀመሪያ የላከውን ፍላሽ ምንም ሳንነካው ማተሚያ ቤት ብንወስደው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ልክ ይሆን ነበር። ላፕቶፑን የላክሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። የምሠራው እዚህ ኤድመንተን በኩል ያረጁ ኮምፒውተሮች የሚሰበሰቡበት መጋዘን ነው። ከቫን አውርጄ እደረድራለሁ፤ የተደረደረውን መልሼ እጭናለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ማብራትና ማጥፋት አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅም። ዘመድ «ኢንጂነር» ሲለኝ መጀመሪያ ሁለቴ አርሜ ነበር። በሦስተኛው ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ጣመኝ፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። በቪዲዮ የማልደውለውም የሥራ ልብሴ እንዳይታይ ነው።

አሁን ለሚሆነው ዑስማን የሚለው ይህ ነው፦ አይጻፍ። ጥሩ እጅ ያለው ሰው በወረቀት ላይ ይጻፈውና ፎቶ ተነሥቶ ፎቶው ይታተም። ሥዕልን ኮምፒውተር አይገለብጠውም። የዑስማን የራሱ ጽሑፍ ለጠርሙስ አይሆንም፣ እጁ ከምላጭ ውጭ ይንቀጠቀጣል ይላል። ከእንግዲህ እሱ ጋ ልላጭ አልላጭ ገና አልወሰንኩም።

አንድ ነገር ግን ዑስማንም እኔም አልገባንም። እርስዎ ዐረብኛ እያወቁ ናሙናው ሲታይ እንዴት አለፈዎት? መነጽርዎ ይሆን?

ይቅርታ የሚለምንዎ
ዳኛቸው

*

ቦንጋ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዳኛቸው

መነጽሬ ደኅና ነው።

ዐረብኛ ማንበብ አልችልም። አንድ ፊደል አላውቅም። ሰንዓ የነበርኩት ሹፌር ሆኜ ነው፤ መሪ ይዤ እንጂ መጽሐፍ ይዤ አልነበረም። እዚህ ስመለስ ሰው «ዐረብኛ ያውቃል» አለኝ። መናገሩን ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንተ እንዳልከው ነው፤ ዝም ማለቱ ይጥማል።

ደብዳቤህ ሲደርስ ማሩ ከሄደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ተነሥቼ ሮማንወርቅ ወዳለችበት ቀፎ ሄድኩ። ጭስ እየሰጠች ነበር፣ ፊቷ በመረብ ተሸፍኗል።

«ማንበብ አልችልም» አልኳት።

«የቱን?»

«ዐረብኛውን።»

«የቱን ዐረብኛ?»

«ሁሉንም።»

መረቡን ገለጠች። ያን ጊዜ ንቡ ቢነድፈኝ እመርጥ ነበር። ጠርሙሱ የሚለውን ነገርኳት። ሣቅ ጠብቄ ነበር፣ ቁጣም ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ «አርባ አንድ ሴት ሁለት ዓመት የሠራችበት ነው፣ እንግዳ» አለችና እጇን ታጠበች። ይህን ቃል አንተ ሳትሰማው ብትቀር ይሻልህ ነበር፤ እኔ ግን ለብቻዬ መሸከም ከበደኝ።

ይዛኝ ሼህ ጀማል ቤት ሄደች። ዳኛቸው፣ ቤቱ ከቤታችን ሦስት መቶ እርምጃ ነው! ቆጥሬዋለሁ። ሼሁ ሙሉ ዕድሜያቸውን ዐረብኛ አስተምረዋል፤ እኔ ላለመዋረድ ስል በደጃቸው እያለፍኩ ደብዳቤ ሎንዶን እልካለሁ። ጠርሙሱን አዩና፣ «ይህ ማር ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?» አሉ። ከዚያ፣ «ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉኝ። ብዕር አወጡ፤ በሚያምር እጅ ጻፉት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ይህ ደግሞ ከጥያቄው ይበልጥ አሳፈረኝ።

ነጋዴው ደውሎ ነበር፤ ተነጋግረናል። አዲሱ ጽሑፍ ረመዳን ሳይገባ ከደረሰለት በላዩ ይለጥፍበታል፤ ካልደረሰ ሁሉንም ይመልሳል። የሼሁ ጽሑፍ ፎቶ ተነሥቶ ታትሟል፣ ትናንት ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም።

አንተ በእኔ ላይ ጥፋት የለብህም። የላክህልኝ ኮምፒውተር ያለውን ነው ያሳየኝ።

እንግዳወርቅ

*

ሎንዶን፣ ቶተንሃም፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ እንግዳወርቅ

ረመዳን ከገባ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከእርስዎ ወሬ የለም። ማሩ ተመልሶ ይሆን? ዑስማን በየቀኑ ይጠይቀኛል። ያ ግማሽ ጢም የነበረው ሰውዬም ይጠይቃል።

እኔ በበኩሌ እናቴ ጋ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «እማዬ፣ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ኮምፒውተር የምሸከም ነኝ» አልኳት። «መች ኢንጂነር ነው አልኩ?» ብላ ተቆጣች። «ያነሣል ነው ያልኩት! ወገቡን እንዳያመው ብዬ ስንት ዓመት ጸለይኩ!» ሚካልም ከጎኔ ሆና ስትሰማ፣ «ዳዲ፣ ኤቭሪባዲ ኖውስ» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። መቅዲ ሣቀች። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት የደበቅኩት ከማን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

እባክዎ አንድ መሥመር እንኳ ይጻፉልኝ። ሁለት ቃል ይበቃኛል። ከቀኝም ቢጀምሩ ግድ የለኝም።

ዳኛቸው

*

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዳኛቸው

ይህን የምጽፍልህ ሮማንወርቅ ነኝ። ቤተሰብህን ሁሉ በስም እየጠራሁ ሰላም ብያለሁ። እንግዳወርቅ መልስ ያዘገየው ምን ብሎ እንደሚጀምር ስለ ጠፋው ነው፤ አራት ወረቀት ቀዷል። አንተም በሐሳብ እንዳትሞት ብዬ እኔ ብዕሩን ወሰድኩበት።

አዲሱ ጽሑፍ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ጅዳ ደረሰ። አቡ ሳሊም ሠራተኞቹን ሰብስቦ በአሮጌው ላይ አስለጠፈው። ዒድ ሳይደርስ ማሩ አልቋል። አሁን አራት ሺህ አዟል። ስለዚህ አትጨነቅ፤ ዑስማንንም፣ ያንን ጢሙን የተላጨውንም ሰውዬ አሳርፍልኝ።

ላፕቶፑ አልተጣለም። የአባላት መዝገብ እንይዝበታለን፤ አማርኛ በደንብ ይጽፋል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። የቀሩትን ዐሥራ ሁለት ያልተላኩ ጠርሙሶች ሼህ ጀማል ጽሑፉን ሲያነቡላቸው የሰሙ ሴቶች አናስነካም ብለው ወሰዷቸው። ለማን እንደሚሰጡ አልጠየቅኩም፤ ብዙዎቹ አማት አሏቸው።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። እንግዳወርቅ «ነጋዴው ደውሎ ተነጋገርን» ብሎ ጽፎልሃል፤ ደብዳቤውን ሳይልክ አይቼዋለሁ። እንደዚያ አልነበረም።

አቡ ሳሊም ማሩ ደርሶት ጽሑፉን አይቶ የደወለው ሼሁ ቤት ከሄድን በማግሥቱ ነው። ቢሮ ውስጥ ከአባላቱ ሰባት ነበርን። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል። ስልኩን ለእንግዳወርቅ ሰጠሁት። የምጨክንበት መስሎት አየኝ፤ እውነትም ጨክኜ ነበር። ያጠፋው ራሱ ይመልስ ብዬ ነው።

ስልኩን በግራ ጆሮው አደረገና መናገር ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር። ከዚያ ድምፁ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሳይቆም፣ ሳያስብ፣ በእጁ አየሩን እየቆረጠ፣ አንዴ እየጮኸ አንዴ እየለመነ ይናገራል። ሰውየው ይቆጣል፣ እሱ ይመልሳል። የገባኝ ሁለት ቃል ነው፦ የእኔ ስምና «ዐሰል»። በኋላ ሼህ ጀማል የሰሙትን ነገሩኝ፤ በር ላይ ቆመው ነበር። «ማንበብ የማልችል ሹፌር ነኝ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔን እንደ ፈለግህ ስደበኝ። ማሩ ግን የሴቶቹ ነው፤ በማሩ ላይ አንድ ክፉ ቃል እንዳትናገር» አለው ብለው ነገሩኝ።

ከዚያ አቡ ሳሊም ሣቀ። «ይህን አነጋገር ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጠየቀው አሉ። የአቡ ሳሊም አባት የሰንዓ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ጭነት ይነዱ ነበር፤ እንግዳወርቅ እንደ ሞቱት አባቱ ነው የሚናገረው። አብረው ግማሽ ሰዓት አወሩ። ስለ ማር ያወሩት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ስልኩን ሲዘጋ ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር።

«ይህ ሁሉ ዐረብኛ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አልኩት።

ስልኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እዚሁ ነበር» አለኝ። «ሰው ሁሉ ‹አንብብ› ነው የሚለኝ። ‹ተናገር› ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ሰላማችሁ ይብዛ።
ሮማንወርቅ